አሜን ያላልኩበት ጸሎት

ከገደብ ከተማ ልወጣ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ፣ የራት ገበታችን ላይ ቆጮው በረደ። ይህን የምጽፈው እዚያው ገደብና ዲላ ለቀራችሁት፣ እንደ እኔም ደቡብ አፍሪካ ወርዳችሁ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና ሳሙና ለምትሸጡት ስለሆነ፣ የበረደ ቆጮ ምን እንደሚመስል አላስረዳችሁም። ጥርስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ቆጮው የበረደው አባዬ ጸሎት ላይ ስለቆየ ነው። በቤታችን ሕግ አለ። አባዬ ይጸልያል፣ በየመሃሉ ያቆማል፣ እኛ አሜን እንላለን፤ የሁሉም አሜን ካልተሟላ እጅ ወደ ገበታ አይዘረጋም። ታናሽ ወንድሜ በረከት ልጅ ሳለ፣ ርቦት፣ አባዬ ገና "ጌታ ሆይ" ሲል አሜን ብሎ ተቆንጥጧል። ደግሞ አባዬ የሚቆጣው በጌዴኦኛ ነው፣ የሚጸልየው በአማርኛ። ቃሉን ያነበበው በአማርኛ ስለሆነ ጌታም ያንኑ የለመደ ይመስለዋል።

ያን ማታ ለመንገዴ ጸለየ፤ አሜን አልን። ጆሃንስበርግ ሱቅ ለከፈተው ለእጮኛዬ ለዳንኤል ጸለየ፤ አሜን አልን፣ እኔ ትንሽ ጮክ ብዬ። ቀጥሎ፣ "ስለ መሪዎቻችን፣ ተፈናቃዮችን ወደ ቀያቸው ስለመለሱበትም የሰላም መንገድ እናመሰግንሃለን" አለና ቆመ። እማዬ አሜን አለች። በረከት አሜን አለ። እኔ ዝም አልኩ።

አባዬ ዓይኑን እንደጨፈነ ጠበቀ። የጎመኑ ቅቤ ረጋ።

"ሰውዬ፣" አለች እማዬ፣ "ጌታ ሰምቷል እኮ። ያልሰማው ሆዳችን ነው።"

"አልተሟላም" አለ አባዬ።

"እኔ ሁለቴ እልልሃለሁ። አሜን። ይኸው፣ የእሷንም አልኩ።"

ዓይኑን ገለጠ። ከቆጮው ቆረሰና መጀመሪያ ለእኔ ሰጠኝ፣ ከጎመኑም ጨመረልኝ። ራሱ ግን ሳይቀምስ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። አባቴ ቤት እያለ ያለ አባቴ ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጉርሻው ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። እስከ ዛሬም የወረደ አይመስለኝም። ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ለአንድ ነገር ነው፤ ያንን ገበታ ከአባቴ ጋር መልሼ መቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ያላመንኩበትን አሜን ሳልል።

የጠባችንን ሥር ልንገራችሁ።

አባዬ፣ ሽማግሌ ጅግሶ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። በደርግ ጊዜ ወጣት ሳለ እንሰት ውስጥ ተደብቀው ሲጸልዩ ተይዞ ታስሯል። ስለ እስሩ አያወራም፤ የሚያወራው ስለ ዛሬው ነው። "ዛሬ በማይክራፎን እንጸልያለን" ይላል። "ፖሊስ በራችን ላይ የሚቆመው ሊጠብቀን ነው። ይህን አይቶ መንግሥትን የማያመሰግን ውለታ ቢስ ነው።" ሌላ ፖለቲካ የለውም። እኔ ደግሞ ያደግሁት በማይክራፎን እየዘመርኩ ስለሆነ ማይክራፎን ብርቄ አይደለም።

ከዚያ ያ የጌዴኦና የጉጂ የወሰን ግጭት ተነሣ፤ ከማዶ ይኖሩ የነበሩ ጌዴኦዎች እየሸሹ ገደብን ሞሏት። ከእኛም በኩል የሸሹ ጉጂዎች ነበሩ። የሸሸውም ያሸሸውም ሰንበት ሲሆን የሚዘምረው አንድ መዝሙር ነው፤ ይህ ነገር ዛሬም ይከነክነኛል። ከጸሎት አዳራሻችን አግዳሚው ወንበር ወጣ፣ ላስቲክና ምንጣፍ ገባ። አልማዝ የምትባል ሴት ከልጆቿ ጋር ዘማሪዎች የምንቆምበት መድረክ ሥር ቦታ ያዘች። ጠዋት ጠዋት ሽሮ ሳከፋፍል ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ተሰላፊ እሷ ነበረች፣ መጋፋት አታውቅም።

ወራት አለፉና ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጡ። ሰላም ወርዷል፣ አውቶቡስ ተዘጋጅቷል፣ ወደ ቀያችሁ ተመለሱ አሉ። ሰዉ አመነታ። ባለሥልጣናቱም እኛ ዘንድ የማን ቃል እንደሚሰማ አያጡትም፤ እሑድ ዕለት ፊተኛው ረድፍ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አባዬ መድረክ ላይ ወጣ። ጳውሎስ ለባለሥልጣን ተገዙ ያለበትን ቦታ አነበበ፣ ጉዞውንም ባርኮ ጸለየ።

የእኛን ወግ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ጸሎቱን ሲጨርስ አንዲት ዘማሪ አሜንን በዜማ ታነሣለች፣ ጉባኤው ሦስት ጊዜ ይቀበላታል። አንሺዋ እኔ ነበርኩ። ማይኩ በእጄ ነው። አባዬ ጨረሰ። ቁልቁል ሳይ አልማዝ ትንሿን ልጇን አቅፋ ከወለሉ ላይ ታየኛለች። የምትመለስበትን ቤት ማን አይቶት መጣ? እሷንስ ማን ጠየቃት? አሜን አፌ ላይ ደርሶ ቀረ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማ ነበር። ሌላ ሰው ሊያነሣው አልደፈረም፤ አንሺ እያለች ማን ያነሣል! እንግዶቹ ዝምታው የሥርዓቱ ክፍል መስሏቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፍ ያልወጣው እንዲህ ሩቅ እንደሚሄድ ግን ማንም አልነገረኝም።

ቤት ስንገባ አባዬ በጌዴኦኛ ጮኸብኝ። "እኔ የታሰርኩት ስለ ክርስቶስ ነው! አንቺ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፖለቲካ አስገባሽ!"

"ፖለቲካውማ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ አባዬ። እኔ ዝም ነው ያልኩት።"

"ሰላም አትወጂም?"

"ነቢያቱ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው የሚሉትን አልገሠጹም?"

"አንቺ ነቢይ ነሽ?"

"አንተስ የጽሕፈት ቤቱ ቃል አቀባይ ነህ?"

እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። አባዬ ተቀምጦ ጫማውን መፍታት ጀመረ፣ ማሰሪያውም ተቋጠረበት።

በማግሥቱ አልማዝ ጓዟን ስትሸክፍ ሄጄ፣ "እኔ አሜን አላልኩም፤ የግድ መሄድ የለብሽም" አልኳት፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ።

"ልጄ፣" አለችኝ ቀና ሳትል፣ "አባትሽ ሂዱ አለ፣ አንቺ ቅሩ አልሽ። ሁለታችሁም የምታድሩት አልጋ ላይ ነው። የኔ ቡና ደርሶ እየረገፈ ነው።" ልጇን አዝላ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። እኔም እዚያው ላስቲኩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ከዘማሪነት "ለጊዜው ዕረፊ" ተባልኩ። ሥራም እንደ ልብ አልነበረም፤ ዳንኤል ደግሞ ነይ እንጂ ነይ እንጂ ይለኛል። እንዲህ እንዲህ ብሎ ነው እንግዲህ ያ ራት የደረሰው።

በማግሥቱ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ በሞያሌ መስመር ቁልቁል ወረደ። እንሰቱ እየሳሳ፣ ቡናው ወደ ኋላ እየቀረ፣ እኔም በመስኮቱ ዳር እየተቁነጠነጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው የጉጂ ሴት አንድ መዝሙር ታንጎራጉራለች። የእኛው ነው፣ ቃሉ ብቻ ኦሮምኛ። ሳላስበው አብሬ ያዝኩ። ከየት ነሽ አለችኝ፣ ከገደብ አልኳት።

"የእኛም አዳራሽ ሰው ተኝቶበት ነበር" አለችኝ።

"ሽማግሌያችሁ ተመለሱ ብሎ ጸለየ?"

"ጸለየ።"

"አሜን አልሽ?"

"አልኩ እንጂ! አሜን ያለው አፌ ነው፤ ሆዴን ዋቃ ያውቀዋል።" ሳቀችና ከያዘችው የተቀቀለ በቆሎ ሰብራ ሰጠችኝ። ስትወርድ "ዋቅኒ ሲ ሃ ኤጉ" አለችኝ፣ አምላክ ይጠብቅሽ ማለቷ ነው። ለዚያኛውማ አሜን አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ሞያሌ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አፍና ሆድን እንዲህ ለያይቶ መኖር ከተቻለ እኔ ለምን አቃተኝ?

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ያልሄዳችሁት ውስጥ ደግሞ እናቶች አሉ። አንዱን ብቻ ልበል። ማላዊ ጫካ ውስጥ ስንደበቅ ኦርቶዶክሱ ያማትባል፣ ጴንጤው ያንሾካሹካል፣ ስለ መንግሥት የሚከራከር አንድም ሰው የለም። ሁሉም የሚለምነው ፖሊስ እንዳያየው ነው። እንደዚያ ተስማምተን የጸለይንበትን ቀን በሕይወቴ አላውቅም።

እዚህ ደርሼ የስደተኞች ቢሮ ስቀርብ ማስቲካ የምታኝክ ሴትዮ ገጠመችኝ።

"ሃይማኖት?"

"ክርስቲያን።"

"ከአገልግሎት ያገዱሽ ሰዎች?"

"ክርስቲያን።"

"ተመለሱ ያሉት ባለሥልጣናት?"

"ብዙዎቹ ክርስቲያን።"

"የተፈናቀሉት?"

"ክርስቲያን።"

"ያፈናቀሏቸውስ?"

መልሴን ሳትጠብቅ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሲስተር፣ ይሄ የስደተኛ ጉዳይ አይደለም፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው" አለችኝ። ልታባርረኝ ነው ብዬ ልነሣ ስል ማኅተሙን መታችልኝ። "እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ገብቶኛል" አለች፣ "ቀጣይ!"

ከዳንኤል ጋር ተጋብተን ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር እንኖራለን፣ ከሱቃችን ጀርባ ባለች ክፍል። ክረምታቸው ደረቅ ብርድ ነው፤ እንደ ቡሌ ጉም የለው፣ እንደ ዲላ ዝናብ የለው፣ እንዲያው አጥንት ብቻ የሚፈልግ። ፓፕ የሚሉት ምግብ የእኛ ገንፎ ነው፣ ቅቤና ሚጥሚጣው የተሰረቀበት። ሁላችንንም "ማይ ፍሬንድ" ብለው ይጠሩናል። ስሜ ምሕረት ነው ብል፣ "ኦኬ ማይ ፍሬንድ" ይሉኛል።

የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው እሑድ መሪው "ስለ አገራችን እንጸልይ" አለ። አንዱ ወንድም ተነሥቶ እግዚአብሔር ለኢትዮጵያ ስለሰጣት መሪ ማመስገን ጀመረ፤ ገና ሳይጨርስ ሌላው ከኋላ ስለሚፈሰው ደም በጩኸት ይማልድ ገባ። አንዱ ሲያመሰግን አንዱ ሲያለቅስ፣ ግማሹ ለዚያኛው አሜን፣ ግማሹ ለዚህኛው አሜን፤ አሜንና አሜን ሲደባደቡ ያየሁት ያን ቀን ነው። ዛሬ ሁለት ጉባኤ ነን፤ አመስጋኞቹ ጠዋት፣ አልቃሾቹ ከሰዓት። አዳራሹ ያው ነው፣ ኪቦርዱም ያው ነው። ጠዋት የመጡት አንዳንዴ የኪቦርዱን ገመድ ይዘው ይሄዳሉ።

"አንተ የየትኛው ነህ?" አልኩት ዳንኤልን።

"ሁለቱም ጋ እሄዳለሁ" አለኝ። "ሁለቱም ጋ ሻይ አለ።"

በዚህ ነው የተጣላነው። እሱ፣ አባትሽ ልክ ነው፣ ጳውሎስ ተገዙ ብሏል ይላል፤ እኔ፣ ጳውሎስ ራሱ ስንቴ ታሰረ እላለሁ። ጳውሎስ እንዲህ፣ ጳውሎስ እንዲያ ስንባባል አከራያችን ጎጎ ኖምሳ በሩን ደበደበች። ጎጎ ማለት አያት ማለት ነው፤ ሰንበት ሲሆን ነጭና ሰማያዊ ለብሳ፣ በትር ይዛ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ትልቅ ሴት ናት።

"እኔ ግቢ ውስጥ ባልና ሚስት አይደባደብም! ማነው ይሄ ጳውሎስ? ወዳጅሽ ነው?"

"ሐዋርያው ፖል ነው፣ ጎጎ።"

እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ነገሩን ስናስረዳት እንዲህ አለችን፦ "እኛም ጋ ምርጫ ሲደርስ ፖለቲከኞቹ ቲሸርትና የምግብ ካርቶን ይዘው ይመጣሉ፣ ጳጳሳችንም ይጸልይላቸዋል። ቲሸርቱን እለብሳለሁ፣ ምግቡን እበላለሁ። ማንን እንደመረጥኩ ግን ጳጳሱ አያውቅም።" ደግሞ ልትወጣ ስትል፣ "ኪራዩ ግን አርብ ነው፤ ፖልም ቢሆን ይከፍላል" አለች።

እንደ አውቶቡሷ ሴትዮ ጎጎም አፏንና ሆዷን ለያይታ በሰላም ትኖራለች። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የምቃጠለው እያልኩ ዳቦ እደረድራለሁ፣ የደረደርኩትን መልሼ እደረድራለሁ።

በየሳምንቱ እሑድ ወደ ቤት እደውላለሁ። እማዬ ታወራኛለች፣ በረከት ይቀልድብኛል፣ መጨረሻ ላይ ስልኩ ለአባዬ ይሰጣል። አባዬ ወሬ አያውቅም፤ ይጸልያል። ለጤናዬ፣ አሜን። ለባልሽ፣ አሜን። ለሱቃችሁ፣ አሜን። ከዚያ "ስለ መሪዎቻችን" ይልና ያችን ነገር ጸልዮ ይቆማል። እኔም ዝም እላለሁ።

"ሄሎ?" ይላል ቆይቶ። "ኔትወርኩ ነው መሰለኝ።"

"አዎ አባዬ፣ ኔትወርኩ ነው።"

ሁለታችንም እናውቃለን። እማዬ ከጎኑ ሆና ስትተነፍስ እንኳ ይሰማኛል፤ ምን ዓይነት ኔትወርክ ነው እሱ!

በቅርቡ እማዬ አንድ ነገር ነገረችኝ። አልማዝ ተመልሳ መጥታለች። ያኔ ቀዬዋ ስትደርስ ቤቷ ጣሪያ አልነበረውም፣ ቡናዋንም ሌላ ሰው ለቅሞት ነበር፤ ደግሞም ፈራች።

"የት አረፈች?"

"ያንቺ አልጋ ላይ። አባትሽ ነው ያስገባት። ልጆቿ ከበረከት ጋር ናቸው።"

ደስታም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝ። "እሺ አሁንስ? ተሳስቻለሁ አላለም?"

"አባትሽ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚል ሰው! እሑድ ያንኑ ጸሎት ይጸልያል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለልጆቿ ወተት ፍለጋ ይወጣል፣ በዚያ ጉልበቱ።" ቀጥላም፣ "እሱ በአፉ መንግሥቱን ያመሰግናል፣ በእጁ አልማዝን ያበላል። አንቺ በአፍሽ ዝም አልሽ፤ በእጅሽስ ምን እያደረግሽ ነው?" አለችኝ።

ሳሙና እየሸጥኩ ነው ልላት ነበር። ተውኩት። ያላመንኩበትን አሜን አለማለቴ ዛሬም ልክ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ግን አልማዝ በእኔ አልጋ ላይ የተኛችው በአባቴ እጅ ነው፣ በእኔ ዝምታ አይደለም። ይህንን ይዤ የት እንደምገባ አላውቅም፤ እሑድ ጠዋት ለአመስጋኞቹ ይከብደኛል፣ ከሰዓት ከአልቃሾቹ ጋርም አልቀመጥ ይለኛል።

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ዳንኤል ሄደ፣ እኔ ሱቅ ከፈትኩ፣ ከቀትር በኋላም ደወልኩ። ፍርግርጉ ፊት ዳቦ የሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈዋል፣ ጎጎ ኖምሳም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከነበትሯ መሃላቸው አለች። ስልኩን ያነሣው ራሱ አባዬ ነው። ድምፁ ቀጥኗል።

"በላሽ?" አለኝ።

"አልበላሁም። አንተስ?"

"አቀራርበውልኛል" አለ። "እጸልያለሁ።"

ለጤናዬ ይጀምራል ብዬ ስጠብቅ በጌዴኦኛ ጀመረ። በሕይወቴ አባቴ በጌዴኦኛ ሲጸልይ ሰምቼ አላውቅም፤ ሊቆጣኝ መስሎኝ ትከሻዬ ተሸማቀቀ።

"ጌታ ሆይ፣" አለ፣ "እኔና ይህች ልጅ በምን እንደተለያየን ታውቃለህ። እኔ ልክ ነኝ እላለሁ። እሷም ልክ ነኝ ትላለች። ማን ልክ እንደሆነ እስክትነግረን ድረስ ለየብቻ አታብላን።"

ቆመ።

አሜኑን መናገር አልበቃኝም። እዚያው ዳቦው መሃል ቆሜ በዜማ አነሣሁት፣ ድሮ መድረክ ላይ እንደማነሣው አድርጌ፣ ድምፄን ሳልሰስት። ከወዲያ ማዶ የአባዬን፣ የእማዬን፣ የአልማዝንም መቀበል ጠበቅሁ። ማቀዝቀዣው ተንቀጥቅጦ ቆመ፣ መብራቱ ጠፋ። ሎድሼዲንግ ይሉታል፣ መብራት በፈረቃ ማጥፋቱን። ስልኬም ድምፅ የለውም። ከሰልፉ ውስጥ ጎጎ ኖምሳ "አሜን!" ብላ በትሯን መሬት መትታ ተቀበለችኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ግን የጠበቅሁት የእሷን አልነበረም።

መልሼ ደወልኩ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም። መልሼ ደወልኩ። መስመሩ መቼ ተቆረጠ? አሜን ሳልል ነው ወይስ ካልኩ በኋላ? ያን ሁሉ ሰንበት ኔትወርክ ነው ያልኩት እኔ፣ ዛሬ ኔትወርክ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ደንበኞቹ በጨለማው "ማይ ፍሬንድ፣ ብሬድ" ይሉኛል፣ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ ዳቦ አቀብላለሁ።

አባዬ አሜኑ ሳይሟላ እጁን ወደ ገበታ አይዘረጋም። ምናልባት ቆጮው ፊቱ ቀርቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አሁንም ሄሎ እያለ ነው።